ምን ሊባል ነበር? ዝምታ በሥነ ጽሑፍና በደቡብ ኦሞ



ደቡብ ኦሞ፣ ሐመር ውስጥ አንድ ጎረምሳ ለአካለ መጠን መድረሱን ለማሳየት ከብት የሚዘልበት ቀን ሲቆረጥ ለዘመድ የሚደርሰው ጥሪ የተቋጠረ ገመድ ነው። ከልጥ ወይም ከደረቀ ሣር የተሠራ ቀጭን ነገር ነው፤ እስከ ዝላዩ በቀሩት ቀናት ልክ ቋጠሮ አለበት። ተጠሪው ተቀብሎ ያኖረዋል። ቀን ባለፈ ቁጥር አንድ ቋጠሮ ይቀንሳል። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ቅቤውን ተቀብቶ፣ በርኮቶውን፣ ያችን የእንጨት መቀመጫ፣ አንጠልጥሎ መንገድ ይጀምራል። ገመዱ ላይ የጎረምሳው ስም የለም፤ የቦታው ስም የለም፤ «በአክብሮት ጠርተንዎታል» የሚል ቃልም የለበትም። እንግዳው ግን በቀኑ ይደርሳል።

ይህንኑ ገመድ ትናንት ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ብትሰጡት ለመታሰቢያ ብሎ የእጁ አንጓ ላይ ያስረዋል።

ገመዱ ያው ነው፤ የተለወጠው ተቀባዩ ነው። ዛሬ እዚህ ጂንካ ስለ ዝምታ ልናገር ስቆም (ስለ ዝምታ ረጅም ዲስኩር ማድረግ ራሱ እንደሚያስቅ አላጣሁትም) ይዤ የመጣሁት አንድ ሐሳብ ነው። ዝምታ የሚናገረው ሰሚው ምን ሊባል እንደነበረ ሲያውቅ ነው። ካላወቀ ባዶ ነው። አንዳንዴ ከባዶም ይብሳል፤ መንገደኛ ሁሉ የየራሱን ነገር የሚከትበት አፉ የተከፈተ ጆንያ ይሆናል። እንግዲህ ገጸ ባሕሪውን ዝም ሊያሰኝ የሚፈልግ ደራሲ አስቀድሞ ብዙ ሥራ አለበት። ቋጠሮውን ከመላኩ በፊት መቁጠር የሚችል ተቀባይ ማዘጋጀት አለበት።

«ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። አዲስ አበባም ጎጃምም ሲባል ትሰማላችሁ። ተረቱ የሚያወድሰው የጥንቃቄን ዝምታ ነው፤ ያልተናገርኸው አያስከስስህም፣ ያላወጣኸው አይበላሽብህም ነው ነገሩ። ለኑሮ ይጠቅማል። እኔ ግን ለሥነ ጽሑፍ ብዙም አይረባም ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በዚህ ዝምታ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ለራስ የሚቀመጥ ስንቅ ነው። ሥነ ጽሑፍን የሚመለከተው ዝምታ ወደ ሌላ ሰው የሚላክ፣ አድራሻ ያለው ዝምታ ነው።

ከእንዲህ ዓይነቱ አንዱ በጣም ጥንታዊ ነው። በሆሜር «ኦዲሴ» 11ኛው መጽሐፍ ኦዲሴየስ ወደ ሙታን ዓለም ይወርዳል። የቀድሞ ጓደኞቹ ነፍሳት አንድ በአንድ እየቀረቡ ያናግሩታል። አንዱ ብቻ ርቆ ይቆማል፤ አያክስ ነው። በትሮይ ጦርነት አኪለስ ሲሞት የጦር መሣሪያው ለማን ይገባል በሚል ሁለቱ ተከራክረው ነበር። ፈራጆች ለኦዲሴየስ ሰጡት። አያክስ ውርደቱን መሸከም አቅቶት ራሱን ገደለ። አሁን ኦዲሴየስ፣ ያ አፈ ቅቤ፣ በቃል የማይረታው ሰው የሌለ፣ ይለማመጠዋል። ይቅር በለኝ ይለዋል፤ ጥፋቱን በአማልክት ላይ ያላክካል፤ ቀረብ በል ስማኝ ይለዋል። አያክስ አንድም ቃል አይመልስም። ፊቱን አዙሮ ከሌሎቹ ሙታን ጋር ወደ ጨለማው ይገባል።

ሎንጊኑስ በሚል ስም የምናውቀው የጥንት ሐያሲ ይህን ቦታ ጠቅሶ የአያክስ ዝምታ ከየትኛውም ንግግር እንደሚበልጥ ጽፏል። ከእሱ በፊትም የሮማው ቨርጂል ሐሳቡን ወስዶ በኤኔያስ የተከዳችውን ንግሥት ዲዶን በሙታን ዓለም እንዲሁ ዝም አሰኝቷታል። ታዲያ የአያክስ ዝምታ ኃይሉ ከየት መጣ? ኦዲሴየስ በቃል ያሸነፈው ሰው መሆኑን ስለምናውቅ ነው። ያ ሰው ቢመልስለት ኖሮ ወደ ክርክሩ ሜዳ፣ ኦዲሴየስ ወደሚያሸንፍበት ቦታ ተመልሶ መግባቱ ነበር። ያን ሜዳ ነው የነፈገው። የመሣሪያውን ክርክር የማያውቅ አንባቢ ግን የሚያየው አንድ ኩርፊያ ብቻ ነው።

በአገራችን ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ ትምህርት ቤት አለ፤ ቅኔ ቤት ነው። ባለቅኔው ሰሙን ይናገራል፤ ወርቁን አይናገርም። ወርቁን አድማጩ ከታሪክ፣ ከመጽሐፍ፣ ከሰፈሩ ወሬ እያመጣ ያወጣዋል፤ ሲያወጣውም «ይበል!» ይላል። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ሰም ብቻ ሰምቶ ይሄዳል። ቅኔ የተማሪውን ዕድሜ የሚበላው ለዚህ ነው፤ ከመናገሩ እኩል መስማቱም ይጠናል።

አሁን ወደ ልብ ወለድ ልለፍ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ ረጅም ነው፣ አዝጋሚ ነው የሚሉ ተማሪዎች አሉ። ፍቅሩ እስኪጀመር ድረስ የማንኩሳን ሰው፣ የበዛብህን ወላጆች የቦጋለንና የውድነሽን ነገር፣ ልጁ ለቤተ ክርስቲያን መሰጠቱን፣ ከዚያም የፊታውራሪ መሸሻን የዘር ኩራትና የሰብለ ወንጌልን ጠያቂዎች መመለስ፣ ይህን ሁሉ ማንበብ አለብን። ለምን ይህን ያህል ገጽ? መልሱ ያለው አስተማሪው በዛብህና ተማሪዋ ሰብለ ወንጌል አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ ነው። በመካከላቸው መጽሐፍ አለ። ዓይን ይገናኝና ይሸሻል። የሚናገሩት ስለ ትምህርቱ ነው። እኛ ግን በዚያች ክፍል ውስጥ ያልተባለውን ሁሉ እናውቃለን፤ የእናትን ስለት እናውቃለን፣ የአባትን በትር እናውቃለን፣ ማን ከማን ጋር ማዕድ እንደማይቀርብ እናውቃለን። ሐዲስ ያንን ሁሉ ገጽ ያወጡት ሁለት ሰዎች ዝም ብለው እንዲቀመጡ ነው፤ ለእኔ ዋጋው ውድ አይደለም።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ተቃራኒው አለላችሁ። ጉዱ ካሣ ሁሉን ይናገራል። የሥርዓቱን ክፋት ከሥሩ እየነቀለ ለሰው ሁሉ ያሳያል። የሚያተርፈው የእብድ ስም ነው። መናገር ያለበትን እውነት የተናገረው ሰው አልተሰማም፤ የማይናገሩት ሁለቱ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ አንባቢ ሲያስለቅሱ ኖረዋል። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰማችሁ ታስታውሳላችሁ። ድምፁን ሁሉም ያደንቃል። እኔ የማደንቀው ድምፁ የሚቆምበትን ቦታ ነው። ትንፋሹን ይስባል፣ ይቆያል፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ሬዲዮኑ ሥር አንገቱን ሰብስቦ ይጠብቃል።

ወደ ሐመር ልመለስ። በከብት ዝላዩ ቀን ከዝላዩ በፊት የሚሆነውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል፤ ያላየ ደግሞ ፎቶውን አይቷል። የዘላዩ፣ የኡኩሊው እህቶችና የዘመድ ሴት ልጆች እግራቸው ላይ ቃጭል አስረው፣ ጥሩንባ እየነፉ፣ እየዘፈኑ ወደ ማዞቹ ይሄዳሉ። ማዝ ማለት ዘሎ ያለፈ፣ ገና ያላገባ ወጣት ነው። ሴቲቱ አርጩሜውን ታቀብለዋለች። ግረፈኝ ትለዋለች፤ እንቢ ካለ ትሞግተዋለች። ከዚያ ቀጥ ብላ ትቆማለች። አርጩሜው አንዴ ይወርዳል። ከንፈሯ አይነቃነቅም፣ ዓይኗ ከዓይኑ አይነቀልም። ጥሩንባዋን መልሳ ትነፋለች። ጀርባዋ ላይ የቀረው ሰንበር ሲድን ጠባሳ ይሆናል።

ያ ዝምታ ለማን ነው የተላከው? ለወንድሟ ነው። «ለአንተ ይህን ያህል ችያለሁ» ይለዋል። ነገ ባሏ ቢሞት፣ ከብቷ ቢያልቅ፣ ችግር ቢገጥማት የወንድሟን ደጅ ስትረግጥ ብዙ ማስረዳት የለባትም። ጀርባዋ ያስረዳል፤ ወንድሟም ማንበብ ይችላል። ብትጮህ ኖሮ ጽሕፈቱ ይበላሻል። ልማዱ ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለው ክርክር ሌላ ነው፤ ክርክሩም በዋናነት የሐመር ሴቶች ነው ብዬ አምናለሁ። እዚህ የማነሳው የመልእክቱን አሠራር ነው። ከጎን ቆሞ ካሜራ የሚያነጣጥረው ጎብኚ ያንኑ ጀርባ ያያል፤ ወንድሟ ስላልሆነ የሚያየው ደም ነው። ጭካኔ ነው ይላል፣ ወይም ጀግንነት ነው ይላል፤ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ወደ ሆቴሉ ይመለሳል።

ፊልም ሠሪዎችም እዚሁ ላይ ተጣልተዋል። አሜሪካዊው ሮበርት ጋርድነር በ1974 እ.ኤ.አ. «ሪቨርስ ኦቭ ሳንድ» የሚል ፊልም ስለ ሐመር ሠራ። ፊልሙ ውስጥ ኦማሊ ኢንዳ የምትባል የሐመር ሴት ስለ ሴት ኑሮ ትናገራለች፤ ንግግሯ የፊልሙ አጥንት ነው። ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐመር ውስጥ የኖሩት አጥኚዎች ጂን ሊዳልና ኢቮ ስትሬከር ፊልሙን በጽሑፍ ነቀፉት። ክርክሩን እዚህ አልዘረዝረውም። በኋላ ግን ሊዳል ከጆአና ሄድ ጋር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሦስት ፊልሞች ሠሩ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከልጃቸው ከካይራ ስትሬከር ጋር ዱካ ስለምትባል የሐመር ሴት ፊልም ሠሩ። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ የሐመር ሴቶች ያወራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ይተማማሉ፣ ቡና ያፈላሉ። ዱካ በ1991 እ.ኤ.አ. በተሠራው ፊልም ውስጥ ወደ ባሏ ቤት የምትሄድ ሙሽራ ነበረች። ከአሥር ዓመት በኋላ ባሏ ሁለተኛ ሚስት አግብቶባታል። አሁን ዝም ስትል ካሜራው ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። አሥር ዓመት ሙሉ ስትናገር ሰምተናታል፤ ምን ሊወጣት እንደሚችል እናውቃለን።

የዚህ ተቃራኒ እዚሁ ደቡብ ኦሞ በሚኖሩት በሙርሲዎች ላይ አለ። የሙርሲ ሴት በከንፈር ገሏ በዓለም ሁሉ ፎቶዋ ተለጥፏል፤ በፖስታ ካርድ፣ በመጽሔት ሽፋን፣ በአየር መንገድ ማስታወቂያ። ረጅም ዘመን ከሙርሲዎች ጋር የሠሩት ዴቪድ ተርተን በ2004 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ የፎቶ ገበያ ጽፈዋል። መኪና ይቆማል፣ ሰዎች ይወርዳሉ፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ ብር ይከፈላል፣ መኪናው ይሄዳል። ሙርሲዎች በበኩላቸው «እነዚህ ሰዎች ይህን ሁሉ ፎቶ ለምን ያነሳሉ?» እያሉ ይገረማሉ። ጥያቄው ፎቶው ላይ አይታይም። በዓለም ከተነሱት ፎቶዎች ሁሉ የሙርሲ ሴት ፎቶ ዝም ካሉት አንዱ ነው፤ ያንን ዝምታ ግን እሷ አልመረጠችውም። ከፎቶው በፊት አንድም ዓረፍተ ነገር ስላልተሰማላት የተፈጠረ ነው። ጥንካሬ ነው ብለው ግጥም የሚጽፉለት አሉ፤ እኔ አይዋጥልኝም።

እነዚሁ ሙርሲዎች ግን በንግግር የተካኑ ሰዎች ናቸው። ተርተንና የፊልም አዘጋጁ ሌስሊ ውድሄድ በ1974 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዙ ግራናዳ ቴሌቪዥን የሠሩትን ፊልም ብታዩ ከጎረቤቶቻቸው ከቦዲዎች ጋር በነበረው ጦርነት ጊዜ የተደረገውን የወንዶች ሸንጎ ታያላችሁ። ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ተናጋሪው ይነሳል፣ ከፊታቸው ወዲያና ወዲህ እየተራመደ ይናገራል። አዝዞ የሚያስፈጽም አለቃ የለም፤ የሚያሸንፍ ካለ አሳምኖ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የተቀመጠው ሰው ዝምታ ድምፅ እንደመስጠት ነው። የተናጋሪው ቃል የት ላይ እንደወደቀ፣ የት ላይ እንዳልወደቀ ከዝምታው ዓይነት ይታወቃል። የትልቅ ሰው ዝምታ ደግሞ የበለጠ ይመዝናል፤ ተነስቶ መናገር እንደሚችል ሁሉም ያውቃልና።

አሁን ያንን ሰው ከዛፉ ጥላ አንሱና የከተማ አዳራሽ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጡት። መድረኩ ላይ ስለ ልማት በአማርኛ ይነገራል፤ አስተርጓሚው ያሳጥራል። ሰውየው ዝም ይላል። ከዚያ ሪፖርቱ ላይ «ተሳታፊዎች በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ይባላል። ዝምታ የስምምነት ምልክት ነው የሚል አባባል አለን አይደል? የኦሞ ወንዝ ግድብ ግልገል ጊቤ 3 በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ የኦሞ ሙላት ሲመለስ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ የሚዘራው ሰው ኑሮ አብሮ ተለወጠ። እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን ነው ሲባል ዛፍ ሥር ያደገ ሰው ዝም ቢል፣ ዝምታው «ገና አልተነሳሁም» ማለትም ሊሆን ይችላል። ይህ የፖለቲካ ጉዳይ ነው የምትሉኝ ካላችሁ፣ ለእኔ የንባብ ጉዳይም ነው። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ጸሐፊ ጽሑፉን ማንበብ አልቻለም።

ስለ ደቡብ ኦሞ በአማርኛ የተጻፈውን ልብ ወለድ ስናነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ፍቅረማርቆስ ደስታ ነው። በወጣትነቱ ሐመር ውስጥ በመምህርነት ሠርቷል። «ከቡስካ በስተጀርባ» በ1987 ዓ.ም. ወጣ፤ «ኢቫንጋዲ» በ1990፣ «የዘርሲዎች ፍቅር» በ1991 ተከተሉ። የብዙ ኢትዮጵያዊ አእምሮ ውስጥ ሐመር የሚባል አገር የተፈጠረው በእነዚህ መጻሕፍት ነው ብል አላጋነንሁም። ዛሬ መጻሕፍቱን የሚያነብ ወጣት ሐያሲ «ብዙ ያብራራል» ይላል። እውነት ነው። ካርለት የምትባል ከውጭ የመጣች አጥኚ አለች፤ ትጠይቃለች፣ ይመለስላታል፣ አንባቢውም አብሯት ይማራል። ልማዱ ሁሉ እየተፈታ ይቀርባል። የሐመር ገጸ ባሕሪያቱ ዝም የሚሉበት ጊዜ ጥቂት ነው።

እኔ ግን ደራሲውን በዚህ አልወቅሰውም። በ1987 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ መጽሐፉን የገዛው ሰው ስለ ማዝ፣ ስለ ኡኩሊ፣ ስለ ኢቫንጋዲ ጭፈራ ምንም አያውቅም ነበር። ለእንዲህ ዓይነት አንባቢ ዝም ያለ የሐመር ሰው ብታቀርቡለት ያው የፎቶውን ዝምታ ነው የሚያነበው። ፍቅረማርቆስ ማስረዳት ነበረበት፤ አስረዳም። በልብ ወለዱ ጥራት ላይ ዋጋ ከፍሎበታል ባይ ነኝ፤ ግን የከፈለው ዋጋ ለሚቀጥለው ደራሲ የተከፈለ ነው። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የምትጽፉ ልጆች አንባቢያችሁ ግማሹን አውቆ ነው የሚመጣው። «ማዝ ማለት» ብላችሁ መጀመር የለባችሁም። (እኔ ቅድም ብያለሁ፤ ለጂንካ ሰው ማለቴ ግን አልነበረም፣ ከሩቅ ለመጡት እንግዶቻችን ነው።) የባና ልጅ፣ የአሪ ልጅ፣ የካሮ ልጅ ስለ ራሱ ሰው ሲጽፍ እናቱን ለማንም ሳያስረዳ ጓዳ ውስጥ ሊያስቀምጣት ይችላል።

ያ ሲሆን ምን ይመስላል ብትሉኝ ቅዳሜ ገበያ ውጡ። ከአሪ ደጋ የወረደች ሴት የቡና ገለባ ዘርግታለች። ከቆላ የመጣ ሰው ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ይላል። ብሩን ቆጥሮ ዘምቢሉ ጠርዝ ላይ ያስቀምጣል። እጇን አትዘረጋም፤ ወደ ሌላ ቦታም አታይም፤ ገለባውን ብቻ በመዳፏ ትሰበስባለች። አንድ ብር ይጨምራል። አሁንም ገለባውን ትሰበስባለች። ይስቃል፤ ይጨምራል። ቋንቋቸው ይለያያል፤ የጋራ ቋንቋቸው የገበያ አማርኛ ነው፣ እሱንም አልተጠቀሙበትም። ጥሩ ደራሲ ይህን በሦስት መስመር ይጽፈዋል፤ ስለ ሁለቱ ብሔረሰቦች ግንኙነት ማብራሪያ አይጨምርም። የዘንድሮውን የዝናብ ነገር ከሁለት ገጽ በፊት ጽፎት ከሆነ ደግሞ ሰውየው ለምን እንደሳቀ አንባቢው ያውቃል።

በግድ የመጣ ዝምታም በዚሁ ሕግ ይሠራል። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለዱን በ1975 ዓ.ም. አወጣ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ወጥቶ ቀረ። ዝም ያሰኙት ሰዎች የረሱት አንድ ነገር ነበር። አንባቢው መጽሐፉን አንብቦታል፤ ያላነበበው ከጓደኛው ተውሶ አንብቧል። ስለዚህ በዓሉ ቢናገር ኖሮ ምን ሊል እንደነበር ሁሉም ያውቅ ነበር። ሰውን ካስነበበ በኋላ ዝም ማሰኘት አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጨረሻው ክፉ ዝምታ ይመጣል፤ እሱም እዚሁ ደቡብ ኦሞ ውስጥ ነው። በወይጦ ወንዝ ዳር የሚኖሩት ኦንጎታዎች፣ ቢራሌም ይባላሉ፣ ቋንቋቸውን እየተዉ ወደ ጎረቤቶቻቸው ወደ ፀማዮች ቋንቋ ዞረዋል። ግራሲያኖ ሳቫና ማውሮ ቶስኮ የተባሉ የቋንቋ አጥኚዎች በ2000 እ.ኤ.አ. የቋንቋውን አጭር ሰዋስው ሲያሳትሙ ኦንጎታኛ የሚያውቁት ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። ልጆቹ ተናጋሪ ናቸው፤ በፀማይኛ ይጫወታሉ፣ ይዘፍናሉ። ሽማግሌው ግን በራሱ ቋንቋ ተረት ጀምሮ መሐል ላይ ቆም ቢል፣ ያ ዕረፍት ጉጉት ለመጨመር ይሁን፣ በአማት ፊት የማይጠራ ስም ስለመጣበት ይሁን፣ ወይም ቃሉ ጠፍቶበት ይሁን የሚለይለት ሰሚ እያለቀ ነው። ቋንቋ ሲሞት ቃላቱ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሊተርፉ ይችላሉ። ዝምታዎቹን ግን የሚመዘግብ መዝገበ ቃላት አላየሁም።

ስለዚህ ለተማሪዎች አንድ ተግባራዊ ነገር ልንገርና ልውረድ። ዴኒስ ቴድሎክ የተባለ አሜሪካዊ በ1972 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑትን የዙኒዎችን ተረቶች መጽሐፍ አድርጎ ሲያወጣ አንቀጽ አድርጎ አልደረደራቸውም። ተራኪው ትንፋሽ ወስዶ በቆመበት ቦታ ሁሉ መስመሩን ሰበረ፤ ረዘም አድርጎ ዝም ባለበት ቦታ ነጥብ አኖረ። ገጹ እንደ ግጥም ሆነ። ከእሱ በፊት የነበሩት መዝጋቢዎች ዕረፍቱን ሁሉ ጥለውት፣ ሽማግሌው እንደ ጋዜጣ ያወራ አስመስለውት ነበር።

እኛም እያደረግን ያለነው ይህንኑ ነው። ዛሬ በሁላችሁም ኪስ መቅረጫ አለ። አባቶቻችሁን ትቀርጻላችሁ፤ ቤት ገብታችሁ ስታሰናዱት «ባዶውን» ቆርጣችሁ ትጥሉታላችሁ፣ እንዳያሰለች ብላችሁ። ከጂንካ ከተማ በላይ ኮረብታው ላይ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም አለ፤ እዚያም ሆነ በየቤታችሁ የሚቀመጠው ቅጂ ሳይቆረጥ ይቀመጥ። ከዚያ ጽፋችሁ ስታወጡት አባባ የቆሙበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉበት፤ ነጥብም ይሁን ሰረዝ፣ ምርጫው የእናንተ ነው። ከዚያም ሳይውል ሳያድር ተመልሳችሁ ሄዳችሁ «እዚህ ጋ ዝም ሲሉ ምን ሊሉ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። እንደ እሳቸው ያደገ ሌላ ሽማግሌም ጠይቁ። መልሳቸው ከተለያየ ሁለቱንም ጻፉ። መጀመሪያ በራሱ በሐመርኛው፣ በአሪኛው፣ በማሌኛው ጻፉት፤ አማርኛው ቀጥሎ ይደርሳል። ጥያቄ ያላችሁ ከኋላ ጀምሩ፤ ከፊት ያሉት ሁልጊዜ ይቀድማሉ።